ከሪጀንት ፓርክ እስከ ኖርዝ ዮርክ፦ የዘሀራን ድምፅ ፍለጋ

ዓመቱን ብትጠይቁኝ በትክክል አልነግራችሁም። ልጃችን ሐያት ገና አልተወለደችም፣ የኔም ፀጉር ጥቁር ነበር። ሌላው ሁሉ ተደባልቆብኛል። ብቻ በዚያ ዘመን እኔና ባለቤቴ ዘሀራ እዚሁ ቶሮንቶ፣ አንድ አሮጌ መጋዘን ውስጥ፣ የጠፈር ድራማ የሚቀረጽበት ቦታ ሠርተናል። እሷ ልብስ ሰፊ፣ እኔ በር ሳቢ።

በር ሳቢ ስል አትሳቁ። በቴሌቪዥን ስታዩት የመንኮራኩሩ በር ሰው ሲጠጋው "ሽሽ" ብሎ በራሱ ይከፈታል። በራሱ አልነበረም። ከኋላው እኔ ነበርኩ፣ ገመድ ይዤ። አንድ ቀን ዘግይቼ ብስበው ካፒቴኑ በአፍንጫው ገባበት፣ እስኪጠግግ ድረስ ለሁለት ቀን ከጎኑ ብቻ ቀረጹት። ግድግዳው ላይ የሚያብለጨልጨው መሣሪያ የኬክ መጋገሪያ ቆርቆሮ ነው፣ ብርማ ቀለም የተቀባ። የፕላኔቷ አቧራ ደግሞ ሰጋቱራና የበቆሎ ዱቄት። ዘሀራ ዱቄቱን ሲበትኑት ባየች ቁጥር "እነዚህ ረሀብ አይተው አያውቁም" እያለች ታጉረመርም ነበር።

ዘሀራ ካረፈች አራት ዓመቷ ነው፣ አላህ ይማራት። ቤታችን ውስጥ ፎቶዋ ሞልቷል፣ ድምጿ ግን የለም። ስልክ ላይ መልእክት ተዪ ስትባል "ከማሽን ጋር አላወራም" ብላ ትዘጋው ነበር። በድራማው አንድ ክፍል ላይ አለች፤ ነገር ግን እዚያ ላይ ድምጿን በመሣሪያ ቀይረው ቆርቆሮ አስመስለውታል። ሐያት ኮምፒውተር ላይ ብታሰማኝ እንደ ባዕድ ነው የሰማኋት።

ባለፈው ወር ታዲያ ሐያት ስልክ ይዛ ወደ እኔ ሮጣ መጣች። የድራማው የድምፅ ሠራተኛ የነበረው ሰውዬ አፈላልጎ አግኝቶናል። ዘሀራ በጊዜው "ጆሮው" የሚል ስም አውጥታለት ነበር፤ በሌላ ጠርቼው አላውቅም። ቤቱን ሊለቅ ዕቃ ሲያወጣ ያስቀመጠውን የዘሀራን ቴፕ አግኝቷል። ቆርቆሮ ከመሆኗ በፊት ያለውን፣ የራሷን ድምፅ። "ይምጣና ይስማ" አለ።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገራችሁ፣ አለዚያ ለምን እንደፈራሁ አይገባችሁም። ዘሀራን ከስደት አገራችን ከሱዳን ወደዚህ ሳመጣት "ለሁለት ዓመት ነው፣ ሠርተን እንመለሳለን" ብያት ነው። እንደማንመለስ አውቅ ነበር። እውነቱን ብነግራት እናቷን ትታ አትመጣም ብዬ ዋሸኋት። እናቷ በሁለተኛው ዓመት አረፉ፤ አልደረሰችም። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን "ዋሸኸኝ" ብላኝ አታውቅም። እኔም "አፉ በይኝ" ብዬ ይቅርታ አልጠየቅኳትም። ዛሬ ነገ ስል በድንገት ታመመች፣ ሆስፒታል ገብታ በሦስተኛው ቀን ሄደች። ቂሙን ይዛው ሄዳ እንደሆነስ? እሱን እያሰብኩ ነው አራት ዓመት የሰገድኩት።

ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ከሩብ

ከሪጀንት ፓርክ ወጣሁ። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል።

"አባ፣ ራይድ ልጥራልህ? በጣም ኮልድ ነው፣ ሲሪየስሊ" አለች ሐያት በር ላይ።

"በእግሬና በትራሙ እሄዳለሁ። እሷ ዘንድ ስሄድ በታክሲ ሄጄ አላውቅም።"

"ሺፍት ባይኖረኝ አብሬህ እመጣ ነበር። ስትደርስ ቴክስት አድርገኝ።"

"ቴክስት አላውቅም፤ እደውላለሁ" አልኳት።

ዱንዳስ መንገድ ላይ ትራሙን ያዝኩ። የሽማግሌ ዋጋ ሁለት ብር ከምናምን ነው፤ እዚህ ዶላሩን ብር ነው የምንለው። መስኮት አጠገብ ተቀመጥኩ። በመስኮቱ ድሮ የነበሩት ቀያይ ጡብ ቤቶች የሉም፣ ሁሉ መስታወት ሆኗል። ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። እኔም በሐሳብ ወደ መጋዘኑ ተመለስኩ።

ዘሀራ ድራማው ውስጥ የገባችበት ነገር የጀመረው በምሳ ሰዓት ነው። ዘሀራ ከቤት ይዛ የመጣችውን ምሳ ከፍታ ታጎርሰኛለች። እኔ ጠግቤያለሁ እላለሁ።

"ብላ እንጂ!"

"ጠገብኩ ዘሀራ።"

"በሞቴ! አፈር ስሆን! ይቺን ብቻ!"

እጇን ዘርግታ፣ ዓይኗን አፍጥጣ። ለካ ዳይሬክተሩ ከኋላችን ቆሟል። የተጣላን መስሎታል። በዚያ ሳምንት ክፍል ከአቧራ ፕላኔት ለሚመጡ ክፉ ፍጡራን ቋንቋ ጠፍቶት ሲጨነቅ ነበር የሰነበተው። "ምንድን ነው ያለችው?" ብሎ ጠየቀኝ።

በዚያን ጊዜ የኔ እንግሊዝኛ ቃል በቃል ነው። "በሞቴ" ማለት በእኔ ሞት። "አፈር ስሆን" ማለት እኔ አፈር ስሆን። እንዳለ ነገርኩት።

ሰውየው ጠረጴዛውን በጡጫ መታው። "ይሄ ነው! የአቧራ ሰዎች የጦርነት ጩኸት!" አለ። "እንድበላ እየለመነችኝ ነው" ብዬ ላስረዳው ብሞክር ማን ይስማኝ፤ ሄዷል።

የአቧራ ሰዎቹን ንግሥት እንድትጫወት የቀጠሯት ተዋናይት ቃሉ አልወጣላት አለ። ግማሽ ቀን ሙሉ "ቤሞቲ፣ አፌ ሲሆን" ስትል ዋለች። መጨረሻ ላይ "ሰፊዋ ራሷ ትጫወተው" ተባለ። ዘሀራ መጀመሪያ እምቢ አለች። ኋላ የላስቲክ ጭምብሉን አገላብጣ አየችና "ፀጉሬንም አንገቴንም ከሸፈነ፣ ከሻሼ ይሻላል፣ ምን ቸገረኝ" ብላ ገባች። እንግዲህ በቴሌቪዥን አንዲት አረንጓዴ ንግሥት "በሞቴ! አፈር ስሆን! ብላ!" ትላለች፣ ከሥር ደግሞ "እጅ ስጥ፣ አለዚያ ትጠፋለህ!" የሚል ጽሑፍ ይወጣል።

እኩለ ቀን ሊሆን ሲል፣ ኤግሊንተን ዌስት

ከትራሙ ወደ ምድር ባቡር ቀይሬ ነበር፤ እዚህ የወረድኩት ያለ ነገር አይደለም። ሰው ቤት ባዶ እጅ አይኬድም። ጆሮው በዚያን ዘመን ከዚህ ሰፈር የሚገዛ ፓቲ ይወድ ነበር፤ ቢጫ ሊጥ ውስጥ የታሸገ ቅመም የበዛበት ሥጋ ነው። መንገዱ ለዓመታት ለባቡር ሲቆፈር የማውቃቸው ሱቆች ብዙዎቹ ተዘግተዋል። መጋዘናችን የነበረበት ቦታ ላይ ፎቅ ቆሟል። አንዲት የጃማይካ ሴት ሱቅ ግን ክፍት አገኘሁ።

"ሀላል ነው?" አልኳት።

"ከአንተ በፊት ሃያ ሰው ጠይቆኛል። ግድግዳው ላይ ተጽፏል አባባ፣ መነጽርህን አድርግ!"

ሦስት ፓቲ፣ አሥራ ሁለት ብር። እየጠቀለለችልኝ ወዴት እንደምሄድ ጠየቀችኝ፤ የድራማውን ስም ነገርኳት። እጇን ከወረቀቱ ላይ አነሳችና ጡጫዋን ሰቅላ፣ ሱቁ ውስጥ ወረፋ በያዘው ሕዝብ ፊት፣ "ቤሞቴ!" ብላ ጮኸች። ልጅ ሆና ከወንድሞቿ ጋር ስትጣላ እሱን ነበር አሉ የምትለው።

"ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ?"

"ልገድልህ ነው ማለት ነው!"

"አይደለም። አንቺ የሠራሽውን ምግብ ሰው አልበላም ሲልሽ የምትይው ነው።"

ሳቋ መጣ፤ ባንኮኒው ላይ ተደፍታ ሳቀች። አራተኛ ፓቲ ጨመረችና "እንግዲያውስ ቤሞቴ!" አለችኝ። አልተከራከርኩም፤ ወሰድኩ።

ከሰዓት፣ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ኖርዝ ዮርክ

ከኤግሊንተን እስከ ያንግ በአውቶቡስ፣ ከያንግ ወደ ሰሜን በምድር ባቡር። ባቡሩ ውስጥ ማሰብ ጀመርኩ። ድምጿን ሰምቼ ባላውቃትስ? እዚህ ድረስ መጥቼ እንደገና ብትጠፋብኝስ? አንድ ፌርማታ ሳልወርድ አለፍኩና ተመለስኩ።

ጆሮው አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖረው። በሩን ሲከፍት ሳቅሁ፣ እሱም ሳቀ። የጆሮው ሁለቱም ጆሮዎች ላይ የመስማት መርጃ መሣሪያ ተሰክቷል።

"ዛሬም በር ላይ ዘገየህ፣ እንደ ድሮህ" አለኝ።

"የካፒቴኑ አፍንጫ ዳነ?"

"አፍንጫው ድኗል። እሱ ነው የሞተው።"

ፓቲውን ሳህን ላይ አደረገው። ቤቱ በካርቶን ተሞልቷል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ልጁ ጋ ሊገባ ነው። መስኮቱ ሥር ትልቁ የቴፕ ማጫወቻ ተቀምጧል። አጠገቡ ደግሞ ፍራፍሬ የሚደርቅበት የወጥ ቤት ዕቃ።

"ቴፕ ሲያረጅ ይጣበቃል" አለኝ። "እንዲሁ ብታጫውተው ተልጦ ያልቃል። ስለዚህ ስምንት ሰዓት ሙሉ በዚህ ጋገርኩት። ዛሬ ይጫወታል። ነገ ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ሲጫወት እየቀዳሁ እይዘዋለሁ፤ መሀል ላይ ከተበጠሰ ግን የተረፈው ይሄው ነው። ልጀምር?"

"ቢስሚላህ" አልኩ።

መጀመሪያ የማራገቢያው ድምፅ መጣ። አቧራውን የሚያስነሳ ትልቅ ማራገቢያ ነበረን፤ እኔ ከበሩ ኋላ አጠገቡ ስለምቆም ጆሮዬን በጥጥ እደፍን ነበር። ቀጥሎ የሰው ሳል። ቀጥሎ እሷ።

"በሞቴ! አፈር ስሆን! ብላ!"

አወቅኋት። ሳቋን ይዛ ነው የምትጮኸው። ወንበሩን በሁለት እጄ ያዝኩ።

ዳይሬክተሩ "እንደገና! አሁን ከልብሽ ተቆጪ፣ የፈለግሽውን በይ!" ሲል ይሰማል። ከዚያ ጀመረች፤ በአማርኛ፣ ማንም በማይሰማት ቋንቋ።

"ተቆጪ ይለኛል። በማን ልቆጣ? በዚህ የላስቲክ ጠመንጃ በያዘው? እሺ። ሰይድ! አንተ ከበሩ ኋላ! ሁለት ዓመት ነው ብለህ አመጣኸኝ። ሁለት ዓመት! እናቴን በወጉ ሳልሰናበታት! ውሸታም! አፈሯን እንኳ አላየሁ!"

"ግሩም! ግሩም!" ይላል ዳይሬክተሩ ከኋላ።

ድምጿ ወረደ። "ሦስት ክረምት ተቀይሜሃለሁ። ሸሚዝህን ስጥፍ እንኳ ተቀይሜ ነው የምጥፈው። ደግሞ ሳይህ ታሳዝነኛለህ፤ እጅህ በዚያ ገመድ ተላልጦ። በቃ። አፉ ብዬሃለሁ፤ ለአላህ ብዬ፣ ለእናቴም ብዬ። ግን አልነግርህም። እንዳትጠግብብኝ።"

ከዚያ እንደገና እንደ ንግሥት ጮኸች፣ ሰዎቹ አጨበጨቡ፣ ቴፑ አለቀ።

እንግዲህ ያን ጊዜ እኔ አሥር እርምጃ ርቀት ላይ፣ ጆሮዬን ደፍኜ፣ ገመድ ይዤ ቆሜያለሁ። በዚያው ምሽት አብረን በትራም ተመልሰናል። እራት አቅርባልኛለች። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ሁሉ አፉ ተብዬ ሳለ አንገቴን ደፍቼ ኖርኩ፤ እሷም እያየችኝ ሳትነግረኝ፣ ምናልባት በሆዷ እየሳቀች።

አለቀስኩ። አልደብቃችሁም፣ እንደ ልጅ ነው ያለቀስኩት። ጆሮው ፎጣ አመጣልኝ፤ ተነስቶም ማድቤት ገባና ፓቲውን ሲያሞቅ ቆየ። ሲመለስ "ምንድን ነው ያለችው?" አለኝ።

ያን ሁሉ ለማስረዳት እንግሊዝኛዬ አልበቃኝም። "ብላ ነው ያለችው" አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። "የመጀመሪያው 'ብላ' ሊሆን ይችላል። መካከል ላይ ያለው ግን አይደለም። ጆሮ ሳለኝ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ያን ቀን ቴፑን አጥፋው ብለውኝ ነበር፤ የሚፈልጉት ጩኸቱን ብቻ ነው። እኔ ግን ይቺ ሴትዮ ለአንድ ሰው እየተናገረች ነው፣ ሰውየው ደግሞ አልሰማትም አልኩ። ያልደረሰ መልእክት አይጣልም።"

"ደርሷል" አልኩት። ፓቲያችንን በላን። ሁለተኛውን አልበላም ሲለኝ ምን እንዳልኩት እናንተው ታውቁታላችሁ።

አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ቤት

ቅጂውን ጣት በምታህል የኮምፒውተር ዕቃ ላይ ሰጥቶኝ፣ ኪሴ ውስጥ በእጄ እንደያዝኳት ተመለስኩ። ባቡሩ በሰው ተጨናንቆ ነበር፤ አንዲት ልጅ ተነስታ አስቀመጠችኝ። ሐያት ከሥራ ገብታ ጠበቀችኝ። አብረን ሰማን። የእናቷን ድምፅ ስትሰማ አፏን በእጇ ያዘች።

"አባ፣ 'እንዳትጠግብብኝ' ምን ማለት ነው? ሆድህ ፉል እንዳይሆን?"

"አይደለም ልጄ። ይቅርታዬን አውቀህ እንዳትኮራብኝ ማለቷ ነው።"

"ኦ ማይ ጋድ፣ እሷ ራሷ ናት!" አለችና እየሳቀች አለቀሰች። ሌላውንም አንድ በአንድ ነገርኳት፤ ውሸቴንም ጭምር። ያንን እስከዛሬ አታውቅም ነበር። ትከሻዬን አቀፈችኝ።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩትን በአጭሩ ልበል። አጠገባችሁ ያለውን ሰው አፉ በለኝ፣ አፉ በይኝ በሉ፤ መልሱ ምናልባት ቀድሞ ተሰጥቷል፣ ያልጠየቀው ብቻ ነው የማያውቀው። ድምፃችሁንም ለልጆቻችሁ ተዉላቸው፤ ስታጉረመርሙም ቢሆን።

ጆሮው፣ ጆሮው እያልኩ ስሙን ሳልጽፍ ልጨርስ ነበር፤ ነውር ነው። አጥፋው ሲባል ያላጠፋው፣ አንድ ቃል የማያውቀውን ቋንቋ ከቤት ወደ ቤት ይዞ የዞረው፣ ጋግሮ አሰምቶኝ እኔ ሳለቅስ ማድቤት የቆየልኝ ሰው ጎርደን ይባላል።