ዝግጁ ነው የተባለው ስካነር

የሺወርቅ ሱሉልታ ውስጥ በአንድ የመሬት መዝገብ ቤት አሥራ አራት ዓመት ስትሠራ የቀረችው አንድ ቀን፣ ለእናቷ ቀብር ብቻ ነበር። ስካነር ከተገዛ ወዲህ ሥራ ተጨመረላት። ጠዋት ኮምፒውተሩን ከፍታ «ፈትሽ» የሚለውን ትጫናለች፤ ስክሪኑ ያላትን መዝገብ ላይ ታሰፍራለች፤ ሪፖርቱ በየሳምንቱ ወደ በላይ መሥሪያ ቤት ይላካል።

በ2008 ኅዳር አዲስ አበባን በዙሪያዋ ወዳሉት የኦሮሚያ ማሳዎች ያሰፋል የተባለውን ማስተር ፕላን የተቃወሙ ተማሪዎች መንገድ ሲዘጉ፣ ኃላፊው አቶ ጌታቸው ስካነሩ እንዳይሰበር ፈሩ። ዘበኛው ዱባለ በጋቢ ጠቅልሎ ቤቱ ወሰደው። በማግስቱ የሺወርቅ እንደ ልማዷ «ፈትሽ»ን ተጫነች።

«ስካነሩ ተገናኝቷል፤ ዝግጁ ነው» አላት ስክሪኑ።

ጠረጴዛው ላይ ግን የቀረው አቧራ ያልነካው አራት ማዕዘን ብቻ ነበር። ቡራዩ ወዳለው ቴክኒሻን ወደ ሰለሞን ደወለች።

«ፕሮግራሙ ዕቃውን አያይም እኮ» አላት። «የሚያየው ኮምፒውተሩ ላይ የተጫነውን ስሙን ነው። ስሙ እስካለ ድረስ አለ ይልሻል።»

«መጥተህ አስተካክለው ታዲያ።»

«በየት መንገድ?»

አቶ ጌታቸውን ምን ልጻፍ ብትላቸው «ፕሮግራሙ ያለውን» አሏት። እጇ እምቢ አለ። ማስመሪያ አምጥታ መዝገቡን ለሁለት ከፈለችው፦ «በፕሮግራሙ» እና «በዓይን»።

ኦቦ ኢቲቻ የሚባሉ በጫንጮ መንገድ የሚያርሱ ሽማግሌ፣ ፋይሉ ስካን የተደረገ ማሳ አዲስ አበባ ይገባል የሚል ወሬ ሰምተው በየጠዋቱ ይመጣሉ።

«አካም ቡልቴ፣ የሺ? ማሽኑ አለ?»

«በፕሮግራሙ አለ፣ አባቴ። በዓይን የለም።»

አንገታቸውን አስግገው ጠረጴዛውን ያዩና «ያንቺን ዓይን ነው የማምነው» ብለው ይመለሳሉ።

ወር ሳይሞላ ከበላይ መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ መጣ። ስካነሩ በየቀኑ ዝግጁ ሆኖ ሳለ አንድም ፋይል ስካን ያልተደረገው ለምንድን ነው? መንገዱ ሲከፈት ሦስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ተከተለ። ሰብሳቢው ብዙነህ ራሱ ተጫነ። ዝግጁ። ባዶውን ጠረጴዛ አየ። ደግሞ ተጫነ።

«ፕሮግራም አይዋሽም» አለ።

ስካነሩ ዱባለ ቤት እንዳለ ብትነግረውም ያ የንብረት ክፍል ጉዳይ ነው አላት። ቃለ ጉባኤው ላይ «ስካነሩ ዝግጁ መሆኑ ተረጋግጧል፤ ሠራተኛዋ አልተጠቀመችበትም» ተብሎ ተጻፈ። «በዓይን» የሚለውንም ማን እንደፈቀደላት ተጠይቃ ማንም ስላልፈቀደላት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት። ከዚያ ብዙነህ ፊርማ ያረፈበትን ቃለ ጉባኤ ዘረጋላት።

«ይሄ ስካን ተደርጎ ዛሬውኑ ይላክ።»

የሺወርቅ ሳቋም እንባዋም አንድ ላይ መጣባት። ወረቀቱን ተቀብላ አራት ማዕዘኑ ላይ ቀስ አድርጋ አስተኛችው።

«ዝግጁ ነው ብላችሁ ፈርማችኋል። በሉ ተጫኑት።»

ብዙነህ ወረቀቱን አንስቶ፣ አጥፎ ኪሱ ከተተና ሻንጣውን ፈለገ። ስለ ማስጠንቀቂያው ከዚያ በኋላ ያነሳ የለም። እሷም ሁለተኛውን ዓምድ አልሰረዘችም።

ጥር ላይ ማስተር ፕላኑ ቀረ ተባለ፤ ፋይሎቹም ስካን እንዳይደረጉ ታዘዘ። ዱባለ ሚስቱ ቴሌቪዥን ስታስቀምጥበት የከረመችውን ስካነር ተሸክሞ መለሰ። ኦቦ ኢቲቻ በር ላይ ደርሰው ሲያዩት ክው አሉ።

«መጣ እንዴ?»

«መጣ፣ አባቴ። ሥራ ግን የለውም።»

ሽማግሌው ትንሽ አሰቡና ወንበር ስበው አጠገቡ ተቀመጡ። እስከ ምሳ ሰዓት ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ሲጠብቁት ቆዩ።