ብቻውን የሚመታ ድራም

አዋሳ ውስጥ የቀበሌያችን ኪነት ቡድን አባል መሆን ሁለት ጥቅም ነበረው። አንዱ ሙዚቃው ነው። ሁለተኛውን ማንም ጮክ ብሎ አይናገረውም እንጂ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ለብሔራዊ ውትድርና ሲመለመል እኛ "ለቅስቀሳ ይፈለጋሉ" ተብለን እንታለፋለን።

አራት ነበርን። እኔ ኦርጋን እጫወታለሁ፤ ሌሎቹ ጊታር፣ ቤዝና ድራም። መድረክ ላይ የሰልፍ መዝሙር ነው። ለልምምድ አዳራሹን ስንዘጋ ግን አንድ መምህር ካዋሰን ሸክላ የለቀምነውን የጥቁር አሜሪካኖች ሶል ሙዚቃ ከምዕራብ አፍሪካ ምት ጋር እናደባልቃለን። ድራመሩ ደግሞ ለሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ለፍቼ፣ ጉዱማሌ አደባባይ ሲጨፈር እየሰማ ያደገውን ምት ይጨምርበታል። ሁለት እጆቹ የተጣሉ ይመስላሉ፣ እግሩ ያስታርቃቸዋል። እውነቱን ለመናገር ቡድኑ ማለት እሱ ነበር። መሪ ተብዬው ግን እኔ ነኝ፤ በልቤ እቀናበት ነበር።

አንድ ቀን ከተወረሰ ሆቴል አዲስ ኦርጋን መጣልን። አንዱን ቁልፍ ሲጫኑት ራሱ ድራም ይመታል። ደረቅ፣ ነፍስ የሌለው ድምፅ ነው። ልጆቹ ሳቁበት። እኔ ወደድኩት፤ ከድራመሩ የምበልጥበት ነገር ያገኘሁ መስሎኝ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት የቀበሌው ሊቀመንበር ልምምድ ሊያዩ መጡ። ድራመሩ እናቱን ሐኪም ቤት ለማድረስ አስፈቅዶኝ ቀርቷል። "ዛሬ ልጁ የለም፣ ሌላ ቀን ይምጡ" ማለት እችል ነበር። እኔ ግን ቁልፉን ተጭኜ መጫወት ጀመርኩ።

"ድራሙን ማን ነው የሚመታው?" አሉ ዙሪያውን እያዩ።

"መሣሪያው ራሱ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።"

"ያለ ሰው?"

"ያለ ሰው" አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ። ጊታር ተጫዋቹ አፈጠጠብኝ። ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

ሊቀመንበሩ ከኮታቸው ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። "ለምልመላው አንድ ሰው ጎድሎኝ ስጨነቅ ነበር። ገላገላችሁኝ።"

ያኔ ነው የነቃሁት። "እሱማ ያስፈልገናል፣ ጓድ" ብዬ ተንተባተብኩ።

"አሁን ራስህ ያለ ሰው አላልክም እንዴ?" አሉና የድራመሩን ስም ጻፉ።

ድራመሩ ወደ ማሠልጠኛ ከመሄዱ በፊት ተሰናበተኝ። ዕጣ ደረሰህ ብለውት ነበር፣ አመነ። "የአብዮቱ በዓል ሲደርስ ጥያችሁ ሄድኩ፣ ይቅር በለኝ" አለኝ። "እናቴን አደራ።" እሺ አልኩ፤ እውነቱን ግን ደበቅኩት። ፈሪ ነበርኩ።

በየእሁዱ እናቱ ቤት እሄድ ጀመር። ውኃ እቀዳለሁ፣ መድኃኒት አመጣለሁ። በሁለተኛው ዓመት የልጃቸው መርዶ መጣ።

ለቀስተኛው ሲበተን ጊታር ተጫዋቹ መጨረሻ ላይ እናቱን ለብቻቸው አነጋግሮ ወጣ፤ እኔና እሳቸው ብቻችንን ቀረን። እሳቸው ጸሎተኛ ናቸው፤ እጃቸውን ጭንቅላቴ ላይ ጫኑ።

"ጌታ ሆይ፣ እንደ ልጄ ሆኖ ያልተለየኝን ይህን ልጅ ባርክልኝ" አሉ። እጃቸውን ጫን አደረጉና ቀጠሉ። "የልጄን ስም አሳልፎ የሰጠውን ሰው ግን አንተ ፍረድበት።"

እጃቸው ከጭንቅላቴ አልተነሳም። መልስ እየጠበቁ መሆናቸው ገባኝ።

"አሜን" አልኩ፣ ለሁለቱም።