ፓንክ በፋሲካ ምሳ ላይ

«ምግብ ቤት ገብቶ የዘፈነ ፓንክ አይደለም» የሚሉኝ አሉ። ካምፓላ ውስጥ ፓንክ የሚባለውን የጩኸት ሮክ የሚወድ ሰው ተሰብስቦ አንድ ታክሲ አይሞላም፤ ከዚያች ታክሲ ውስጥ ደግሞ ግማሹ እኔን ከሃዲ ይለኛል። ይበሉኝ! ፓንክ ተደብቆ የሚኖር ሙዚቃ ነው፣ አደባባይ የወጣ ዕለት ይሞታል ባዮች ናቸው። ሰው ፊት መናገር የፈራ ሁሉ ለፍርሃቱ የክብር ስም ባያወጣለት ጥሩ ነው እላለሁ እኔ። የፋሲካውን ነገር ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱኝ።

ያኔ ካባላጋላ ሰፈር አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት አስተናጋጅ ነበርኩ። ባለቤቱን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንለው። ፊቱ ላይ «እርስዎ» እለው ነበር፤ እዚህ ግን «እሱ» እያልኩ ነው የማወራው፣ እንግዲህ ይቅር ይበለኝ። ጋሼ ክፉ ሰው ቢሆን ነገሩ ይቀለኝ ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣሁ ሰሞን ማደሪያ ሳጣ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ፍራሽ አንጥፎ ያሳደረኝ እሱ ነው። ሐበሻ ሲሞት ድንኳን የሚያስተክለው፣ ሬሳ ወደ አገር ቤት ሲላክ ከሁሉ ቀድሞ እጁን ኪሱ የሚከተው እሱ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ሰው ብድግ ይልለታል።

ወጥ ሠሪያችንን እትዬ ነው የምላት። የካባላጋላ ሐበሻ ያንን ቤት የሚያጨናንቀው ለጋሼ ፈገግታ ሳይሆን ለእሷ እጅ ነው። ስትቀጠር ጋሼ «ለሥራ ፈቃድ ያስፈልጋል» ብሎ ፓስፖርቷን ተቀበላት። የሥራ ፈቃዱ ወጣ፤ ፓስፖርቱ ግን ከጋሼ መሳቢያ አልወጣም። «ሌባ የሞላበት ሰፈር ነው፣ እኔ ጋ በአደራ ይቀመጥልሽ» አላት። የትም የምትሄድበት ስላልነበራት እሷም ነገሬ አላለችውም።

ታዲያ ክረምት ሲገባ ደሴ ያሉት እናቷ አልጋ ያዙ። መጀመሪያ መጀመሪያ ስትደውል በድምፅዋ ያውቋት ነበር። እየቆየ ሲሄድ የጎረቤት ልጅ ውሃ ስታቀብላቸው በእትዬ ስም እየጠሩ ይመርቋት ጀመር። እትዬ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እናቷ ጨርሰው ሳይረሷት በፊት ሄዳ ዓይናቸውን ማየት። ፓስፖርቷን ጠየቀች።

«ከበዓል በኋላ» አላት ጋሼ።

ደግ፣ መስቀል እውነትም ደርሶ ነበር። መስቀል ሲያልፍ ጠየቀችው። «ገና እኮ መጣ፣ ቤቱን በማን ጥለሽው ነው የምትሄጂው? ከበዓል በኋላ!» ከገና በኋላ ጥምቀት ሆነ። ከጥምቀት በኋላ ሁዳዴ ገባ፤ የጾም ወጥ ደግሞ እንደሷ የሚሠራ የለም፤ «ፋሲካ ይለፍና» ተባለች። እኛ እንደሁ በዓል አናጣም! አንዱን ሸኝተን በሩን ሳንዘጋ ሌላው ይገባል።

አንድ ቀን ሽንኩርት እየከተፈች «ይገርምሻል» አለችኝ፣ «እናቴ ብትሞትማ ዛሬውኑ ፓስፖርቴን አውጥቶ፣ ቲኬቴን ራሱ ቆርጦ፣ ኤርፖርት ድረስ ይሸኘኝ ነበር። ለለቅሶ ማን ይችለዋል! እኔን ያቃተኝ በሕይወት ወዳለች እናት መሄድ ነው።»

ይህቺ ንግግሯ አንጀቴን አቃጠለችው። ዘፈን አደረግኳት።

የምዘፍነው ካትዌ፣ የብረት ሠሪዎቹ ሰፈር ነበር። አንድ ጊዜ የምግብ ቤቱ ሲጊሪ፣ ማለቴ የከሰል ምድጃው፣ እግሩ ተሰብሮ ላስበይደው ካትዌ ወረድኩ። በያጁ የአካባቢው ሰው ነው፤ ብየዳውን ሲጨርስ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ጊታር አነሳና ሦስት ኮርድ ብቻ እየደጋገመ እንደ እብድ ፈጠነበት። ቆሜ ቀረሁ። ከካምዎክያ ሰፈር የምትመጣ፣ ጠዋት ጠዋት ቻፓቲ በእንቁላል ጠቅልላ ሮሌክስ የምትሸጥ ልጅ ደግሞ ከበሮ ትመታለች። የሚጮህላቸው ሰው አጥተው ነበርና እኔ ገባሁ። መጮህ እንደሁ ከአገሬ ይዤው የመጣሁት ነው።

በያጁ ጥብቅ ሕግ ነበረው። ፖስተር የለም። ቪዲዮ የለም። ሊሰማ የመጣ ሁሉ ስልኩን በር ላይ ባለው ባልዲ ውስጥ ጥሎ ይገባል። የምንጫወተው በሥራ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው፣ የአካባቢው መዶሻ ድምፃችንን እንዲውጥልን። ምክንያቱን ስጠይቀው ነገረኝ፤ ድሮ ከሌላ ባንድ ጋር ሳለ ትልቅ መድረክ ላይ ጋበዟቸው። በመጀመሪያ «አንዲት ስንኝ ብቻ አውጡ» ተባሉ፣ አወጡ። ቀጥሎ «ይህን ዘፈን ተዉት» ተባሉ፣ ተዉት። በመጨረሻ ቢራ እያስተዋወቁ ራሳቸውን አገኙት። «ወደ ብርሃን ከወጣሽ ቀስ እያሉ ይሸራርፉሻል» አለኝ። ውሸት የለበትም። ይህን ሰው የምሟገተው ሞኝ ነው ብዬ አይደለም።

ካትዌ ላይ የእትዬን ዘፈን ስጀምር ቤቱ ተናወጠ። እኔ «ከበዓል በኋላ!» ስል እነሱ «ዛሬ!» ብለው ይመልሳሉ። ያስተማርኳቸው አማርኛ ይህቺው ብቻ ናት። ላብ በላብ ሆነው ይዘላሉ፣ ይገፋፋሉ፣ «ዛሬ! ዛሬ!» ይላሉ። እኔም ጀግና ነኝ ብዬ ደረቴን ነፍቼ እወጣለሁ። እውነቱን ለመናገር የሽሮ አሠራር ብዘፍንላቸውም እንደዚያው ይዘሉ ነበር።

ለእትዬ ነገርኳት፤ ሳቀች፣ ደስም አላት። ኩሽና ውስጥ ቀስ ብዬ ዘፈንኩላት። ጨርሳ ሰማችና «ጋሼ ሰማው?» አለችኝ።

«ኧረ የት ሰምቶ! ተደብቀን እኮ ነው የምንጫወተው።»

«እዚያ አማርኛ የሚሰማ ሰው አለ?»

«የለም።»

እጇን በሽርጧ ጠረገች። «ታዲያ ለማን ነው የነገርሽልኝ ልጄ?» አለችና ወደ ድስቷ ዞረች። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ያን ቀን ቡግን ብዬ ነው የዋልኩት፤ ደንበኛ ውሃ ሲጠይቀኝ እንኳ አንባረቅኩበት።

ነገሩ በዚህ ይቀር ነበር፣ የስቅለት ዕለት ጋሼ ባይጠራኝ ኖሮ። ለፋሲካ ምሳ የቀጠረው ኦርጋን ተጫዋች ሌላ ግብዣ አግኝቶ ጥሎት ሄዷል። «አንቺ ልጅ» አለኝ፣ «ካትዌ ምናምን ትዘፍኛለሽ ይባላል። እስቲ ጓደኞችሽን ይዘሽ ነይና በዓሌን አድኚልኝ። ያለ ሙዚቃ ሰው ምን ይለኛል?»

ሰው ምን ይለኛል። የጋሼ ስስ ብልት ይህ ነው። ሕግ አይፈራም፣ ፖሊስም ሲመጣ አስቆ ይሸኛል፤ ይሉኝታ ግን ያርበደብደዋል። ያን ጊዜ ጭንቅላቴ ውስጥ አንድ ነገር ብልጭ አለ። «እሺ ጋሼ» አልኩት፣ አንገቴን ደፍቼ።

በያጁ ግን ሲሰማ ብረቱን ወርውሮ ተነሳ። «እየበላ ላለ ሰው አልጫወትም!» አለ። «የሰውዬው ምግብ፣ የሰውዬው መብራት፣ የሰውዬው በዓል። ከዚህ በላይ መሸጥ የት አለ?»

«አንተ የዘፈኑን ትርጉም ታውቃለህ?» አልኩት።

ስለ ፓስፖርት እንደሆነ ብቻ ያውቅ ነበር። ቁጭ አድርጌ ከመስቀል እስከ ሁዳዴ አንድ በአንድ ተረጎምኩለት። የእናትየውን ነገር ስነግረው ጓንቱን አወለቀ።

«እዚህ ‹ዛሬ› እያልን የምንጮኸው ለግድግዳ ነው» አልኩት። «‹ዛሬ›ን እውነት የሚያደርጋት ሰውዬ ካባላጋላ ተቀምጧል። ተደብቀን ንጹሕ ከምንሆን እዚያ ሄደን ብንቆሽሽ ምን አለበት?»

የወረወረውን ብረት ከመሬት አነሳ። «አንዲት ቃል ከቀየርሽ» አለኝ በመጨረሻ፣ «ጊታሬን ነቅዬ እወጣለሁ።»

«እኔን ነው የምታስፈራራው!» አልኩት። በልቤ ግን ፈርቼ ነበር።

የፋሲካ ዕለት ቤቱ ጢም ብሏል። ቄጠማ ስላልተገኘ ከረግረግ የመጣ ደንገል ወለሉ ላይ ተጎዝጉዟል። ጋሼ ነጭ በነጭ ለብሶ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረ ያጎርሳል። የበያጁን የተቀደደ ሱሪና የከበሮ መቺዋን የተላጨ ጭንቅላት ሲያይ ትንሽ ደንገጥ አለና ወደ እኔ ጠጋ አለ። «ደስ ደስ የሚል ይሁን፣ የበዓል ነገር።»

«አይስጉ ጋሼ፣ ስለ በዓል ነው» አልኩት። መቼም አልዋሸሁም።

ጀመርን። ኡኡታ ነው የተነሳው! አንዷ እናት «በስመ አብ! ምን ጉድ ነው?» ብለው ጆሯቸውን ያዙ፤ አንዱ ሰውዬ ጉርሻውን እንደጨበጠ አፉን ከፍቶ ቀረ። ጋሼ ግን የቤቱ ጌታ አይደል፣ ግብዣው እንዳይበላሽበት ብሎ በፓንክ እስክስታ ይመታ ጀመር። ትከሻው ሊደርስብን ሲሞክር አይቶ መሞት አይቆጭም። ከዚያ እየተውረገረገ መጥቶ፣ እንደ ደንቡ፣ አንድ ድፍን የሽልንግ ኖት አውጥቶ ግንባሬ ላይ ለጠፈልኝ። ሰው አጨበጨበ።

ኖቱ ግንባሬ ላይ ሲያርፍ ዕቃ ቤት ያነጠፈልኝ ፍራሽ ትዝ አለኝ። «ያጎረሰ እጅ ነካሽ» እንደምባል አውቃለሁ። ሌላ ዘፈን ልጀምር እችል ነበር፤ ስንኙን ለወጥ፣ ለስለስ ላደርገው እችል ነበር። አዝማሪ ቢሆን በሰም ጠቅልሎ ነበር የሚያቀርብለት። ቀና ስል እትዬ ኩሽናው በር ላይ ጭልፋዋን እንደያዘች ቆማለች። ሰሙን ካትዌ ትቼው ነው የመጣሁት አልኩና ጮህኩ፦

«እናቴ በቁሟ ሳለች መንገድ የከለከለኝ፣
የሞተች ዕለት መጥቶ አይዞሽ በርቺ ሊለኝ!
ከበዓል በኋላ! ከበዓል በኋላ!»

በያጁና ከበሮ መቺዋ «ዛሬ!» አሉ። ደገምኩት፣ እያንዳንዷን ቃል እየነከስኩ፤ መስቀሉን፣ ገናውን፣ መሳቢያውን፣ ፓስፖርቱን። ካትዌ ላይ ሰው ይዘል ነበር። እዚህ ሰው መብላት አቆመ። ዓይን ሁሉ መጀመሪያ ወደ ኩሽናው በር፣ ቀጥሎ ወደ ጋሼ ሄደ። የጋሼ ትከሻ ቆመ። እጁን አነሳና ከበሮዋ ቀጥ አለች።

ጋሼ ፈገግታውን አልጣለም። እንዲህ ዓይነት ሰው ፈገግታውን እንደ ኮቱ ነው የሚለብሰው። ወደ እትዬ ዞሮ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ለልጅ እንደሚነገር ለስለስ አድርጎ «አንቺ ደግሞ፣ ያንን ነገር ከበዓል በኋላ እናየዋለን አላልኩሽም?» አላት።

በያጁ አማርኛ አይሰማም። የሚያውቀው ዘፈናችንን ነው። «ከበዓል በኋላ» የሚል ድምፅ ጆሮው ሲገባ፣ ካትዌ እንደለመደው፣ ባለ በሌለ ኃይሉ «ዛሬ!» ብሎ ጮኸ።

ሰው ሁሉ ወደ በያጁ ዞረ። ከዚያ ጆሯቸውን ይዘው የነበሩት እናት እጃቸውን ከጆሯቸው አወረዱና «እውነቱን ነው፣ ዛሬ!» አሉ። ከጎናቸው ያለው ጠረጴዛ «ዛሬ!» አለ። ከጥግ ሌላው «ዛሬ!» አለ። ከበሮ መቺዋ ማንም ሳያዛት ጀመረች። ቤቱ በሙሉ ጠረጴዛ እየደበደበ «ዛሬ! ዛሬ!» ሲል እንባዬ ነው የመጣው። አንድም ሰው አልዘለለም፤ ሁሉም ግን ምን እንደሚል ያውቅ ነበር።

ጋሼ ሄዶ መሳቢያውን ከፈተ። ፓስፖርቱን ከፍ አድርጎ ይዞ ተመለሰና «ማን ከለከላት? ይኸው! በዓልም አይደል፣ የኔ ስጦታ!» ብሎ ሰጣት። ወይ ጉድ! ሴቶቹም እልል አሉለት። ለእሱ! ደሜ ፈላ። በያጁ ነገሩ ገብቶት ወደ እኔ ጎንበስ አለና «አየሽ? ዘፈኑን ወሰደው» አለኝ።

«እልልታውን ይውሰደው» አልኩት። «እሷ ምን እንደያዘች ተመልከት።»

እኔን በሳምንቱ «ሰው በዝቶብናል» ብሎ አሰናበተኝ፤ የካትዌ ልጆችም «የሰውዬውን ሥጋ በልተው ዘፈኑ» ብለው አሙን። አዎ፣ በልተናል፣ ጠግበን ነው የበላነው። ሥጋውን የሠራችው እትዬ ናት። ስንኛችንን ግን የሸራረፈ የለም።

ያን ዕለት እትዬ ፓስፖርቱን ገለጥ አድርጋ ፎቶዋን አየች፣ ዘጋችው፣ ጡቷ ሥር ወሸቀችው። ሽርጧን ፈታችና መደርደሪያው ላይ ጣለች። በዚያ ቤት ደንበኛ ወንበር ላይ ስትቀመጥ አይቻት አላውቅም፤ መሀል ያለውን ወንበር ሳበችና ተቀመጠች።

«እስቲ ድገሚው» አለችኝ። «ቅድም ከኩሽና ሆኜ ነው የሰማሁት።»

በያጁ ጊታሩን አስተካከለ። ኖቱ ከግንባሬ ተላቆ ደንገሉ ላይ ወደቀ፣ ማንም አላነሳውም። ደገምነው። ጋሼም በገዛ ቤቱ፣ ከእሷ ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ እስከ መጨረሻው ሰማ።