ታኅሣሥ ሃያ ስምንት የዋለው ገና

“ገና ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ ነው” የሚል ሰው ስሰማ እስካሁን ደሜ ይፈላል። ውሸት ስለሆነ አይደለም፤ ከአራት ዓመት ሦስቱን እውነት ነው። የሚያናድደኝ ያን ቃል በልበ ሙሉነት ሲጮህ የነበረው የገዛ አፌ መሆኑ ነው።

መርሳ ከተማ የመኪና መለዋወጫ እሸጣለሁ፤ የምኖረው ከእናቴ ጋር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የጭነት መኪና ከነሞተር ሳይክሌ ገጭቶኝ ደሴ ሆስፒታል ተኛሁ። ያን ጊዜ እናቴ ተሳለች። “ልጄ በእግሩ ቆሞ ከሄደልኝ፣ ለገና ላሊበላ ወጥቼ ቆሜ አመሰግናለሁ” አለች። እኔ ተነሣሁ፣ ሄድኩ። ስለቱ ግን ቀረ። አንዱን ዓመት ጉልበቷ፣ አንዱን ዓመት ጦርነቱ፣ ሌላውን ዓመት የመንገዱ መዘጋት። ዘንድሮ መንገዱ ደህና ነው ሲባል ስትሰማ፣ “በል እንግዲህ፣ ይኼ ጉልበት ሌላ ገና አያደርሰኝም። ያልተከፈለ ስለት ይዤ ልሙት?” አለችኝ። እኔም እወስድሻለሁ ብዬ ቃል ገባሁ።

በዓሉ ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው የእህቴ ባል ከወልድያ ሊጠይቀን መጣ። የተማረ ነው፤ ስልኩን ከእጁ አይለይም። ሹሮው ገና ከመቅረቡ ጀመረኝ። “ገና እኮ ከሮማ የመጣ ነው። ሰዎቹ ፀሐይ ያመልኩ ነበር፤ ብርዱ መሃል ላይ የፀሐይ ልደት እያሉ ይጨፍሩ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ቀኑን ወስዳ የክርስቶስ ልደት አለችው። እስቲ ወንጌል ላይ ቀኑ የት ተጽፏል?”

ቱግ አልኩ። ቀኑ ወንጌል ላይ እንዳልተጻፈ መቼ አጣሁት! ያናደደኝ ፈገግታው ነው፤ እናቴ አርባ ምናምን ቀን የምትጾምለትን በዓል ስልኩ ላይ በአውራ ጣቱ እየገፋ ሲያነበው።

“የፈረንጁን ለፈረንጅ ተውለት!” አልኩት። “የኛ በቁጥር ነው። ገብርኤል ለእመቤታችን ያበሠራት መጋቢት ሃያ ዘጠኝ። ጽንሱ ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን። ዘጠኙ ወር ሠላሳ ሠላሳ ቀን፣ አምስቷ ጳጉሜ! ቁጠር እንግዲህ! የት ወደቀ? ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ! ምን ሮማ፣ ምን ፀሐይ ታወራልኛለህ?”

ጠረጴዛውን ስመታው ብርጭቆው ተንከባሎ ወረደ። እሱ ሳቀ። እናቴ ከመደቡ ላይ ሆና፣ ቀስ ብላ፣ “ያለፈችው ጳጉሜ ስድስት አልነበረችም እንዴ? ዘመኑ ዮሐንስ አይደለም?” አለች።

“እማ፣ አንቺ ደግሞ በሰው ክርክር አትግቢ! ሃያ ዘጠኝ አልኩ፣ ሃያ ዘጠኝ ነው!”

ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች።

ወይ ነዶ! የቄስ ተማሪ የሚያውቀውን እኮ ነው። በየአራት ዓመቱ ጳጉሜ ስድስት ትሆናለች። ጽንሱ ግን ቀን አይጨምርም፤ ስለዚህ በዘመነ ዮሐንስ ቁጥሩ አንድ ቀን ቀድሞ ይሞላና ገና ሃያ ስምንት ይውላል። እኔም ይህን አሳምሬ አውቀዋለሁ! ያን ዕለት ግን ለማሸነፍ ነበር የምቆጥረው። ሱቄ ውስጥ የተሰቀለው ካላንደር ደግሞ፣ ላዩ ላይ ያለችው መኪና አምራኝ ያላወረድኩት፣ የአምናው ነው። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ማለት ይኼው ነው።

ታኅሣሥ ሃያ ሰባት ሐራ ከተማ ድረስ ዕቃ አድርሼ ስመለስ መንገዱ በሙሉ በግ የሚጎትት ሰው ነው። “ይኼን ሕዝብ ምን አስቸኮለው?” እያልኩ ገባሁ። እናቴ ትልቅ ድስት አጠገቧ አስቀምጣ ጠበቀችኝ። ድስቱ እትዬ የምንላቸው የሙስሊም ጎረቤታችን ነው። በየበዓላችን ያበድሩናል፤ እኛም ለአረፋ ምጣዳችንን እንሰጣቸዋለን።

“እትዬ ናቸው ያመጡት” አለች። “‘ነገ በዓላችሁ አይደል፣ አላህ በሰላም ያድርሳችሁ’ ብለውኝ ሄዱ። ደግመህ ብትጠይቅስ?”

ደክሞኛል፣ እግሬ ይጠዘጥዘኛል። “እሳቸው የራሳቸውን በዓል ይቁጠሩ! ገናን ለኔ ሊያስተምሩኝ ነው?” አልኩ። እኚያ ሴትዮ ሆስፒታል ሳለሁ ለእናቴ ስንቅ ሲቋጥሩ የከረሙ ናቸው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና አሁን ምን ላድርገው? ወድቄ እንደ ግንድ ተኛሁ።

በማግሥቱ ማለዳ እናቴን ይዤ ወጣሁ። ነጭ ለብሳ፣ በሶዋን ቋጥራ። መኪና የለም። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ባዶውን የሚሄድ አንድ ሚኒባስ በመከራ አገኘንና፣ “ለበዓል ዋዜማ እንዲህ መኪና ይጥፋ!” እያልኩ ሾፌሩን ጭምር ሰደብኩ። እሱ በመስታወት አየኝ። እናቴ በመስኮት ውጭ ውጭውን ታያለች።

ወልድያ መናኸሪያው በር ላይ አንድ ጋሪ ቆሟል። በላዩ ትኩስ የበግ ሌጦ ተከምሯል፤ ደሙ ገና አልደረቀም። ሰውዬው “ሌጦ ያለው!” እያለ ይጣራል። ቆሜ አየሁት። በጾም ማን በግ ያርዳል?

ተራ አስከባሪውን የላሊበላ መኪና አልኩት።

“ወንድሜ፣ ሰው እኮ እየተመለሰ ነው” አለኝ። “ሌሊት አልፏል። ዘንድሮ ዮሐንስ ነው፣ አልሰማህም?”

ጮህኩበት። ሰውዬውን ምን አድርግ ብዬ እንደጮህኩበት እግዜር ይወቀው፤ ብቻ መናኸሪያው ዞሮ እስኪያየኝ ጮህኩ። መሃል ላይ ስልኬ ጠራ፤ የእህቴ ባል ነው። “እንኳን አደረሳችሁ! ዶሮው ደርሷል፣ ላሊበላ ገብታችኋል ወይስ ትመጣላችሁ?” የፀሐይ በዓል ነው ያለኝ ሰውዬ! አፉ ሙሉ ነው፣ ሲያላምጥ ይሰማኛል። ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

ዞሬ ሳይ እናቴ ስንቋ ላይ ተቀምጣለች። ውሃ እንኳ አልቀመሰችም። በልደት ቀን ጾም ላይ ናት። ፊቷ ላይ ግን ድንጋጤ የለም። ያኔ ገባኝ።

“እማ፣ አውቀሻል?”

“ሌሊቱን ሙሉ ደወሉን ስሰማ አደርኩ” አለች፣ ጉልበቷን እያሸች።

“ታዲያ ለምን አልቀሰቀስሽኝም? እዚህ ድረስ ለምን ዝም ብለሽ መጣሽ?”

“ሁለቴ ነገርኩህ፣ ሁለቴ ጮህክብኝ። ሦስተኛውን ፈራሁህ፣ ልጄ። ከምትጮህብኝ ብሄድ ይሻለኛል ብዬ ተነሣሁ።” ከዚያ ጨመረች፤ “እድሜህን በለመንኩ ጊዜ አመልህን መለመኑን ረሳሁት።”

እውነቱን ለመናገር፣ ያኔም ልጮህባት አፌን ከፍቼ ነበር። እሷ እንደምመታት ሁሉ እጇን ወደ ፊቷ ከፍ ስታደርግ ነው የዘጋሁት።