ከጉልበቴ ሥር የገባው ባና

ወገቤ የተያዘው በታኅሣሥ ውርጭ ነው። ከበሬሳ ወንዝ ውሃ ቀድቼ፣ እንስራዬን አዝዬ ዳገቱን ስወጣ፣ ውርጭ የያዘው ሣር አንሸራተተኝና በጀርባዬ ወደቅሁ። እንስራው እንክትክት አለ። ቁጭ ብዬ ለእንስራው አለቀስኩ፤ ለካስ የሚለቀስለት ወገቤ ኖሯል! በማግስቱ ከመደቡ ስነሳ ቀና ማለት አቃተኝ። አጥንቴ አልተሰበረም፤ ግን ከአንገቴ እስከ ዳሌዬ ያለው ሥጋ እንደ ተጨበጠ እጅ ጠብቆ አልፈታ አለ።

ያን ሰሞን ሰውን የማውቀው በእግሩ ነበር። አጎንብሼ ስለምሄድ ፊት የሚባል አይታየኝም። ወጌሻው እየተመላለሰ በቅቤ አሸኝ፤ ጠብ ያለ ነገር የለም። በመጨረሻ ለአባቴ፣ "ይኼ ብርድ ገብቶበታል፤ በጋለ ብረት ካልተተኮሰ አይለቃትም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እመጣለሁ" አላቸው። እኔ መሬት መሬቱን እያየሁ እሰማለሁ። አንዲት ጎረቤታችን ስትተኮስ ጩኸቷን ሰምቻለሁ፤ የሥጋዋ ሽታ አጥራችንን አልፎ መጥቶ ነበር። ፈራሁ፤ ሌላ ቃል የለውም። ብረቱን ፈራሁ። ብረቱም ባያድነኝስ፣ ዕድሜ ልኬን አፈር እያየሁ ብቀርስ እያልኩ ደግሞ ያንን ፈራሁ። እህል በአፌ መዞር አቆመ።

የሕንድ መምህራን ወደ ደብረ ብርሃን በመጡበት ዘመን ነው፤ በግቢያችንም አንዱ መምህር ከነሚስቱ ተከራይቶ ይኖር ነበር። ሚስትየዋን እትዬ እላት ነበር። አማርኛዋ ጥቂት ናት፤ ሴቱንም ወንዱንም "አንተ" ትላለች። ቅዳሜ ዕለት ልብስ ላሰጣ ስንፏቀቅ አየችኝና ክንዴን ይዛ ቤቷ አስገባችኝ። "ጀርባ፣ እኔ አውቃለሁ። ቀስ፣ ቀስ" አለችኝ።

ከዚያ መሬት ላይ ሰሌን ዘረጋች። አባቴ ቄስ ናቸው፤ በአጥቢያችን ሰው ሲሞት የሚገንዙት እሳቸው ነበሩ። ሰሌን ውስጥ ምን እንደሚጠቀለል ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ቢሆንም ከብረቱ ይሻላል ብዬ እንደምንም ተጋደምኩ። እሷ አንድ የበግ ጠጉር ባና ጠቀለለችና ከጉልበቴ ሥር ከተተች፤ ሌላ አጥፋ ከጀርባዬ ሥር፣ ጋቢ ደግሞ ከራሴ ሥር አደረገች። በዚህ መቼ አበቃች! የገዛ መቀነቴን ፈታ ጉልበቶቼን አንድ ላይ አሰረቻቸው። እጆቼን ግራና ቀኝ ዘረጋች። ነጭ ሻሽ ዓይኔ ላይ ጣል አድርጋ፣ "አትፍራ" አለችኝ።

አትፍራ! እግሬ ታስሮ፣ ዓይኔ ተሸፍኖ፣ ሰሌን ላይ ተዘርግቼ! "ኡ ኡ! የሰው ያለህ! ሳልሞት ገነዘችኝ!" ብዬ ግቢውን በጩኸት አናወጥኩት።

አባቴ መቋሚያቸውን እንደያዙ እየሮጡ ደረሱ። ሻሹን ከዓይኔ ላይ አነሱት። ፊታቸውን ካየሁ ስንት ጊዜዬ! እትዬ ግድግዳው ላይ ተለጥፋ ቆማለች፤ እሷም ከኔ ባላነሰ ደንግጣለች። አሁን ቤቱን ቀውጢ ያደርጉታል ብዬ ስጠብቅ፣ አባቴ መቀነቱን አዩ፣ ባናውን አዩ።

"ያምሻል?" አሉኝ።

አዎ ልል አፌን ከፈትኩና ቀረሁ። ጀርባዬ ተዘርግቷል። ከወደቅሁ ወዲህ በጀርባዬ ተኝቼ አላውቅም ነበር።

"አይ... አሁንስ አላመመኝም።"

"ታዲያ ምን ያስጮኽሻል?"

"አባባ፣ ገነዘችኝ እኮ! አያዩም?"

ጎንበስ ብለው ከጉልበቴ ሥር ያለውን ባና ዳሰሱት። "አንቺ ቂል፣ ስንቱን ስገንዝ ኖሬ ከአንዱም ጉልበት ሥር ባና አድርጌ አላውቅም። ለሞተ ሰው ማን ይመቸው ይላል? ይኼ የሕያው ነው" አሉኝ። ከዚያም ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለው፣ "እዚሁ ነኝ፤ አይዞሽ" አሉ።

ፍርሃቴ ወዲያው አልለቀቀኝም። እትዬ ሆዴ ላይ እጇን አድርጋ ትንፋሼን ቀስ አድርጌ እንድስብ፣ ቀስ አድርጌ እንድለቅ ታሳየኛለች፤ እኔ ደግሞ ሻሹን ገለጥ እያደረግሁ አባቴ መኖራቸውን አያለሁ። አሉ። እንደገና እገልጣለሁ፤ አሉ። መቼ መግለጤን እንደተውኩ አላውቅም። ብቻ ከወገቤ ውስጥ፣ ከጥልቁ፣ የተያዘው ነገር ቀስ እያለ ሲለቅ ተሰማኝና እንባዬ ዝም ብሎ ወረደ።

እሑድ ወጌሻው ብረቱን በጨርቅ ጠቅልሎ መጣ። ፍም አልጠበቀውም፤ ደጃፉ ላይ ቆሜ የጠበቅሁት እኔ ነኝ። ወገቤ ገና ግማሽ ነው የተቃና፤ ፊቱን ግን አየሁት። እግሩን ሳይ የከረምኩት ሰው አፍንጫው ጎራዳ ኖሯል። እያጉረመረመ ተመለሰ።

አባቴ ያረፉት ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዚያው ግቢ ነው። ሊገንዟቸው የመጡት ወዳጃቸው ቄስ ሰሌኑን ዘርግተው አስተኟቸው። ያን ጊዜ እኔ ባናዬን ጠቅልዬ መጣሁና ከጉልበታቸው ሥር ከተትኩት።

"ልጄ፣ ይኼ ምንድን ነው? አውጪው እንጂ" አሉኝ ቄሱ።

"ይመቻቸው ብዬ ነው።"

"ለሞተ ሰው እኮ እንዲህ አይደረግም።"

"አውቃለሁ፣ አባ" አልኩ። የነገሩኝማ ራሳቸው አባቴ ናቸው። የቸገረኝም ይኸው ነው፤ ባናውን ካወጣሁት አባቴ ሞቱ ማለት ነው። ብረቱንም፣ መቀነቱንም ያኔ ይህን ያህል አልፈራሁም።

"ትንሽ ይቆዩኝ፤ አሁን አወጣዋለሁ" አልኳቸው። ቄሱ መስቀላቸውን እንደያዙ ሄደው ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉ።