ስለ እሷ ክኒንና ስለ እኔ ኩላሊት

በቡታጅራ ከተማ፣ ከመናኸሪያው እስከ ገበያው ቢፈለግ፣ ጭንቀትን እንደ እኔ የሚችል ወንድ አልነበረም። ይህን የምለው ራሴን ለማሞገስ አይደለም፤ ሌላ የሚያሞግሰኝ ስለጠፋ ነው። አንድ ጊዜ የባጃጅ መለዋወጫ ከምሸጥባት ሱቄ ጎን እሳት ተነስቶ ሰው ሁሉ ሲራወጥ፣ እኔ ሻዬን ጨርሼ ነው ከወንበሬ የተነሳሁት። እሳቱ የቆሻሻ ክምር ነበር፤ ይህችን ዝርዝር አብዛኛውን ጊዜ እዘላታለሁ። እናም ባለቤቴ አንድ ጠዋት በሩን ዘጋ አድርጋ «አርግዣለሁ» ስትለኝ ልቤ እንደ ወትሮው ጸጥ ያለ ነበር። እጄ ላይ የነበረው ብርጭቆ ብቻ ወለሉ ላይ ተሰባብሮ ተገኘ።

ነገሩ የሚያስቅ አልነበረም። የመጨረሻዋ ልጃችን ገና ወፌ ቆመች እየተባለላት ነው። እሷን ስትወልድ የባለቤቴ ደም ግፊት ሽቅብ ወጥቶ፣ አንቀጥቅጦ ጥሏት፣ ራሷን ሳታውቅ ሰንብታ ነው የተረፈችው። ሐኪሙ ከሆስፒታል ሲያስወጣን እኔን ለብቻዬ ጠርቶ «ቶሎ እንዳትደግሙት፤ በሚቀጥለው እሷን ላናተርፋት እንችላለን» ብሎኝ ነበር። የወሊድ መከላከያ መርፌዋን እየተወጋች ነበር፤ በአንድ የገበያ ሰሞን ግርግር ቀኑ አለፈን። በቃ፣ ይኸው ነው።

እርግዝናው እንዲቋረጥ የወሰነችው እሷ ናት። ከፈጣሪዋ ጋር ምን እንደተባባሉ አልጠየቅኳትም፤ እሷም አልነገረችኝም። የእኔ ሥራ ከጎኗ መሆንና ወሬው ሰፈር እንዳይገባ መጠበቅ ነበር። ቡታጅራ እንዳንታከም፣ ካርድ ክፍሉ በር ላይ ብቻ ግማሽ ዘመዶቿን እናገኛለን። ስለዚህ ወልቂጤ እንሂድ ተባባልን። ምን ብለን እንሂድ?

«ለቅሶ አለብን እንበል» አልኳት።

«ለቅሶ ብትል እድሩ ድንኳኑን ጭኖ ይከተለናል።»

«ሰርግስ?»

«ልብስ ተዋውሰው ቀድመውን ይደርሳሉ።»

ያኔ ነው ያ ብሩህ ሐሳብ የመጣልኝ። «ኩላሊቴን አሞኛል፤ ወልቂጤ ደህና ሐኪም አለ ብለውኛል እላለሁ።» አሰበችና ራሷን ነቀነቀች። ሁለታችንም እዚህ አገር ተወልደን፣ እዚህ አድገን፣ የታመመ ሰው እዚህ ብቻውን እንደማይተው ረሳነው። ጭንቀት አዋቂን ሰው እንዲህ ያደርጋል።

ልጆቹን እንሴኖ እናቷ ዘንድ አድርሰን በአረቅጥ በኩል ተጓዝን። ደጋው ላይ ሚኒባሱ ውስጥ የገባው ብርድ አጥንት የሚሰብር ነበር፤ እሷ ግን ላብ ላብ ይላታል። ትንሿን ጣቴን ይዛ ወልቂጤ እስክንገባ አልለቀቀችም። ጣቴ ሰማያዊ ሆና ነበር ብል አላጋንንም። ትንሽ ነው የማጋንነው።

ያገኘናት ነርስ በዕድሜ ወጣት ናት፤ አነጋገሯ ግን የእናት ነው። ደም ግፊቷን ለካች፣ ሐኪሙን አስጠርታ ያለፈውን ታሪክ አብረው ሰሙ፣ ለእንዲህ ያለው ችግር ሕጉ እንደሚፈቅድ ነገሩን። ከዚያ ወንበሯን ስባ ባለቤቴ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

«ምንድን ነው የሚያስፈራሽ? ሳትደብቂ ንገሪኝ።»

«መሞት» አለች ባለቤቴ።

ምላሴ ላይ አንድ ቀልድ ነበረች። ዋጥኳት።

ነርሷ አልተቆጣችም፣ «አይዞሽ» ብላም አላለፈችው። «እንግዲያው የሚመጣውን ሁሉ አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ሲመጣ እንዳትደነግጪ» አለች። «አንዷን ክኒን አሁን እዚሁ ትውጫለሽ። ሌሎቹን ነገ ቤትሽ፣ በጉንጭሽና በድድሽ መካከል ይዘሽ ግማሽ ሰዓት ትቆያለሽ፤ የቀረውን በውሃ ትውጪዋለሽ። ቁርጠት ይመጣል። ከወር አበባ የበረታ ደም ይመጣል። ብርድ ብርድ ሊልሽ፣ ሊያቅለሸልሽሽ ይችላል። ይሄ ሁሉ መድኃኒቱ እየሠራ ነው ማለት ነው። ግን በሰዓት ሁለት ሞዴስ እየራሰ ሁለት ሰዓት ከቀጠለ፣ ወይ ትኩሳቱ አልለቅ ካለሽ፣ ወይ ራስሽን ካዞረሽ፣ አጠገብሽ ወዳለው ሐኪም ቤት ወዲያው ነው። ቁርጠቱ ሲይዝሽ በአፍንጫሽ አየር ሳቢና ቀስ ብለሽ በአፍሽ አውጪው። ሆድሽ ላይ ሙቅ ነገር አድርጊ።» ከዚያ ቀና አለች። «አብሮሽ የሚሆን ሰው አለ?»

ባለቤቴ ዞር ብላ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። «አለ፤ ሰው ከተባለ» አለች።

የመልሱ ጉዞ ፈተና ሆነ። «ሞዴሱ ስንት?» ትለኛለች በሹክሹክታ።

«በሁለት ሰዓት አንድ።»

ክርኗን ጎኔ ላይ ሰካችው። ያኔ ኩላሊቴን እውነት አመመኝ። አስተካክላ ነገረችኝ፤ ትንሽ ቆይታ ደግሞ ጠየቀችኝ። የምትፈትነው እኔን መስሎኝ ነበር። ቆይቼ ነው የገባኝ፤ የነርሷን ቃል በደገመችው ቁጥር ትንፋሿ ረጋ ይል ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ስነሳ ድስት እየፈተገች አገኘኋት። ባለቤቴ ሲጨንቃት ድስት ትፈትጋለች። የዚያን ዕለት ከሠርጋችን ጀምሮ ቂጣቸው ጠቁሮ የኖረ ድስቶች ፊቴን እንደ መስታወት አሳዩኝ። ሲያልቁባት እጇን ታጥባ፣ ክኒኖቹን ጉንጯ ውስጥ አድርጋ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

በትዳራችን ዘመን ግማሽ ሰዓት ሙሉ መልስ ሳይሰጠኝ ስናገር ያ የመጀመሪያዬ ነው። ዕድሉን አላባከንኩትም። «ያን ጊዜ በሬዲዮው ጉዳይ ልክ የነበርኩት እኔ ነኝ። ዝም ካልሽ ተስማምተሻል። የወንድምሽም ነገር እንደዚያው። መዝግቤያለሁ።» የድስት መፈተጊያው መጥቶ ደረቴ ላይ አረፈ። ዓይኖቿ ግን ሳቁ። ከወልቂጤ ወዲህ ሳቅ ሳይባት የመጀመሪያው ነበር፤ እኔም ያኔ ነው ደህና አድርጌ የተነፈስኩት።

በሩ ተንኳኳ።

«አሰላሙ አለይኩም! በሽተኛው የት አለ?»

ከጓዳው ወጥቼ ሳሎን ፍራሹ ላይ ወድቄ ጋቢ እስክለብስ የፈጀብኝ ጊዜ ዛሬ ቢለካ ሜዳሊያ ያሸልማል። የገባችው ጎረቤታችን፣ ባለቤቴ እትዬ የምትላት የቅቤ ነጋዴዋ ናት፤ የቡላ ገንፎ በሳህን ይዛለች። ከኋላዋ የሰፈራችን የአንድ ለአምስት ጠርናፊ አባላቱን አሰልፎ ገባ። ይህ ሰውዬ ለልማት ስብሰባ ሲጠራን አንሄድለትም ነበር፤ ለኩላሊቴ ግን ያልመጣለት አልነበረም።

ባለቤቴ ወጥታ ወንበር አቀረበች። ቅቤ ነጋዴዋ ያዘቻት። «እንዴት አደርሽ ልጄ?»

«እም።»

«ልጆቹ ደህና ናቸው?»

«እም።»

«እናትሽስ? እህቶችሽስ? እዚያ እንሴኖ ሁሉ አማን ነው?»

«እምም።»

«ምነው ልጄ?» ጉንጯን አየችው። «ጥርስ! ያ አላህ! ባልየው በኩላሊት፣ ሚስትየው በጥርስ!» ከነጠላዋ ጫፍ ቋጠሮ ፈታች። «ቅርንፉድ አይጠፋብኝም፤ ነይ ክፈቺው አፍሽን፣ እኔ አደርግልሻለሁ።»

ባለቤቴ ከንፈሯን ገጥማ ወደ ኋላ ሸሸች። ሴትየዋ በሁለት ጣቶቿ ቅርንፉድ ይዛ ተከተለቻት። ሌላ የማደርገው ነገር አልነበረኝም።

«ወይኔ ኩላሊቴ!» ብዬ ጮህኩ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ባለቤቴ ጓዳ ገባች።

እንግዳው ግን ተደላድሎ ተቀመጠ። ጥቂት ቆይቶ ሳሎኑንና ጓዳውን ከሚለየው ኮምፔንሳቶ በስተጀርባ አንድ የታፈነ ድምፅ ሰማሁ። ቁርጠቱ ጀምሯታል። ሰው እንዳይሰማት ትራሱን ነክሳለች፤ ይታወቀኛል። ሲያማት እንዳታቃስት ያደረግኳት እኔና ኩላሊቴ ነን። ስለዚህ እሷ እንድታቃስት እኔ ማቃሰት ጀመርኩ። ኮምፔንሳቶውን በጣቷ ኳ ስታደርግ «ኡ ኡ ኡ» እላለሁ፤ በእኔ ድምፅ ስር እሷ የልቧን ታቃስታለች። ስትተወው እተወዋለሁ። እንዲህ ተግባብተን ያቃሰትንበት ጊዜ አልነበረም፤ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን እንኳ ያንን አያህሉም።

ጉድለቱ፣ ሥራዬን ከልኩ በላይ አሳመርኩት። ጠርናፊው ተነሳ።

«ወገኖች! ይህ ሰው ዓይናችን እያየ እየሞተ እኛ ቁጭ ብለናል። አቅጣጫ እናስቀምጥ! ባጃጅ ይጠራ።»

«አልሄድም» አልኩ። «ወንድሜ፣ ተወኝ፣ ከቤቴ አልወጣም።»

«ቤቴ ልሙት ነው የሚለው» ብለው ሁለት ሴቶች ማልቀስ ጀመሩ።

እውነቱን ለመናገር በዚያች ሰዓት ቀልዱ አለቀብኝ። ከጎንሽ እሆናለሁ ብያታለሁ። እነዚህ ሰዎች ጭነውኝ ከሄዱ ብቻዋን ናት፤ ደሙ ቢበረታ ማን ያውቅላታል? እምቢ ባልኩ ቁጥር ደግሞ ሕመሜ ጠናባቸው። ጠርናፊው «ከባለቤቱ ጋር እንመካከር» ብሎ ወደ ጓዳው መጋረጃ እጁን ሲዘረጋ፣ ከውስጥ ድምጿ መጣ።

«ውሰዱት!»

ጠርናፊው እጁን ከመጋረጃው መለሰ። አየር ስባ በቀስታ ስታወጣ ተሰማኝ።

«ውሰዱልኝ። እትዬ ብቻ ትቅርልኝ።»

በጋቢዬ ተጠቅልዬ፣ የራሴን ጎማ በሸጥኩለት ባጃጅ፣ ሰፈር ቆሞ እያየኝ፣ ወደ አንድ ክሊኒክ ተወሰድኩ። ሐሰተኛ በሽተኛ መሆኔ ይጋለጣል ብዬ ስጠብቅ ባለሙያው ግፊቴን ለክቶ ቅንድቡን ሰቀለ። እንደገና ለካ። «የልብ ምትህ ይሮጣል እኮ፤ ምን አስጨንቆህ ነው?» ብሎ አስተኝቶ ግሉኮስ ሰካልኝ። ጠርናፊው በኩራት ተመለከተኝ፤ ከሞት መንጋጋ እንዳወጣኝ ሳይጠራጠር ሄደ። እኔ ጠብታዋን እያየሁ «በሰዓት ሁለት፣ ለሁለት ሰዓት፣ ትኩሳት፣ ማዞር» እያልኩ ሳነበንብ፣ የክሊኒኩ ረዳት ግንባሬን ዳሰሰችኝ።

ከሰዓት በኋላ ቤቴ ስገባ ባለቤቴ አልጋው ላይ ተደግፋ፣ ሙቅ ውሃ የተሞላ ፕላስቲክ ሆዷ ላይ አድርጋ፣ ለእኔ የመጣውን የቡላ ገንፎ ትበላለች። ፊቷ ገርጥቷል፤ ግን የራሷ ፊት ነው። ቅቤ ነጋዴዋ ነጠላዋን አስተካክላ ለመውጣት ተነሳች።

«ጥርሷ ተሽሏታል» አለችኝ፣ ፊቷ ላይ ሳቅ የሚባል ነገር ሳይታይ። በሩ ላይ ደግሞ ቆም አለች። «ያንተን ኩላሊት ግን ዝም በልበት። ሰው አትሰብስብበት።»

ስትወጣ ባለቤቴን «እንዴት ሆነ?» አልኳት።

«ነርሷ እንዳለችው ሆነ። ከዚያ አልበለጠም። እትዬ ጀርባዬን አሸችኝ፤ ምንም አልጠየቀችኝም። ቤቱ ባዶ ሲሆን እንደ ልቤ ጮህኩ፤ ከዚያ ቀለለኝ።»

«ፈራሽ?»

«አንተ እስክትወጣ ድረስ» አለችና ገንፎዋን ቀጠለች።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ወልቂጤ ተመልሰን ነርሷ መረመረቻት፤ ሁሉም ደህና ነው አለች፤ ክንዷ ላይ ዓመታት የሚያቆያትን መከላከያ ቀበረችላት። ባለቤቴ ይህን ታሪክ ዛሬም ስትናገረው «እኔ እዚህ ስሞት እሱ ግሉኮስ ላይ ነበር» ትላለች። እኔም «በግድ ተጭኜ ነው» እላለሁ። ይህ እውነት ነው፤ የሄድኩት በግድ ነው።

የቆየሁት ግን በግድ አይደለም። ግሉኮሱ ከቀትር በፊት አልቆ ነበር። ባለሙያው ግፊቴን ለክቶ «ወርዷል፤ ቤትህ መሄድ ትችላለህ» ብሎ መርፌውን ሊነቅል ሲል፣ አንድ ሌላ ግሉኮስ እንዲሰካልኝ ለመንኩት። ቤቴ ገብቼ የማገኘውን ፈርቼ ነው።