ከባዮሎጂ ደብተሬ የጎደሉት አራት ወረቀቶች

ይህን የንስሐ አባቴም አያውቁትም። በየጾሙ ፊታቸው ሆኜ ሐሜቱን፣ ቁጣውን፣ ያልጾምኩትን ጾም ሁሉ ስዘረዝር እዚህ ላይ ስደርስ ዘልዬ አልፋለሁ። ለማያውቁኝ አንባቢ ለምን እንደምነግርዎ ሳስብ ራሴን እጠረጥራለሁ። ምናልባት ስለማያዩኝ ይሆናል። ምናልባትም አንብበው «ልጅ ነበረች፣ ምን ታድርግ» እንዲሉኝ ፈልጌ ይሆናል። እንዳይሉኝ።

ሰዓዳና እኔ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ሸዋ ሮቢት አብረን ተምረናል። እሷ ከጀውሃ በሚኒባስ ትመላለስ ነበር፤ እናቷ እትዬ ዘይነባ እዚያ መንገድ ዳር የሾፌሮች ምግብ ቤት አላቸው። አንዱን ሴሚስተር እሷ አንደኛ ትወጣለች፣ አንዱን እኔ። ሁለተኛ በወጣሁ ቁጥር እናቴ ካርዴን አይታ «ጎሽ» ስትለኝ፣ አዝናልኝ ነው እንጂ ከልቧ አይደለም እል ነበር።

በትምህርት ቤታችን አንድ ልማድ ነበር፤ ጎበዝ ተማሪ ማጥናቱን አያምንም። የፈተና ቀን ጠዋት በሩ ላይ ተኮልኩለን ሁላችንም «ኧረ እኔ ምንም አላነበብኩም» እንባባላለን። እኔ ሦስቴ የደጋገምኩትን ምዕራፍ ገልጬው አላውቅም ብዬ እምል ነበር። ስለዚህ ሰዓዳ «ወላሂ አላነበብኩም» ስትል የዓይኗን መቅላት፣ ጣቷ ላይ ያለውን የእስክሪብቶ ቀለም፣ የደብተሯን ጠርዝ መጎሳቆል እመረምራለሁ። ከመምህር ጋር ቆማ ካወራች ምን ነገራት እላለሁ። ከሳቀችልኝ ምን አገኘችብኝ እላለሁ። ሰው እንዲህ ሆኖ ይማራል? እኔ አራት ዓመት ተምሬያለሁ።

አስራ ሁለተኛ ክፍል፣ ለብሔራዊ ፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲ ልንሄድ አምስት ቀን ሲቀረን ሰዓዳ ቤታችን መጣች። ሦስት ሳምንት ከክፍል ጠፍታ ነበር። ውሃ ሰጠኋት፤ ጠጥታ ሳትጨርስ ተናገረች።

«ቃልዬ፣ እማዬ ስኳሯ ከፍ ብሎባት ሆስፒታል ተኝታ ነበር። እኔ ነኝ ያስታመምኳት። ወላሂ ደብተር አልገለጥኩም። ጄኔቲክሱን ሲያስተምር የለሁም፣ ደብተርሽን ሁለት ቀን ብቻ አውሺኝ።»

አላመንኳትም። ፈተና ሲቃረብ ከክፍል ቀርቶ ቤት ዘግቶ ማንበብ የጎበዞች ዘዴ ነበር። «ሦስት ሳምንት ሙሉ ስታነብ ከርማ አሁን ደግሞ ደብተሬን ልታስቀርብኝ ነው» አልኩ በልቤ። እምቢ እንዳልል ምቀኛ መባልን ፈራሁ። ቆይ ላምጣልሽ ብዬ ጓዳ ገባሁ። ጄኔቲክሱ የሰፈረው ደብተሩ መሃል ላይ ነበር። ሽቦውን በቢላ ጫፍ አቃንቼ መሃል ያሉትን አራት ወረቀቶች አወጣሁ፤ ሽቦውን መልሼ ተጫንኩት። መጽሐፉ ለአራት ተማሪ አንድ ስለደረሰን መምህሩ ሰሌዳ ላይ የሠራልን ምሳሌ ሁሉ የሚገኘው ከደብተር ብቻ ነበር፤ በእኔ ደብተር እነዚያ ወረቀቶች ላይ ነው። እኔ አወጣኋቸው። ማንም አላዘዘኝም። ደብተሩን ስሰጣት ጉንጬን ስማኝ ሄደች።

ፈተናው ላይ ከአራቱ ወረቀቶች የወጡት ጥያቄዎች ከአንድ በላይ ነበሩ። ሳያቸው ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ።

ከፈተና እንደተመለስን ሰዓዳ ደብተሩን ይዛ መጣች። በአዲስ ጋዜጣ ለብዳዋለች። መሃሉን ስገልጥ በራሷ የእጅ ጽሑፍ የተገለበጡ አራት ወረቀቶች ተሰፍተውበታል።

«አፉ በይኝ ቃልዬ» አለችኝ አቀርቅራ። «ከመሃሉ ወረቀት ጥለንብሻል፤ ባለ ሃምሳ ደብተር ነው፣ ብቆጥረው አራት ጎድሏል። አንዱን ቀን ሙሉ ቤቱን ስንገለብጥ ዋልን፤ በሁለት ቀን ያልመለስኩልሽ አፍሬ ነው። ሐያት ናት፣ ገርፌያታለሁ፤ እሷ ግን አልነካሁም አለች። አሁን ፈተናው ካለፈ ከሌላ ልጅ ደብተር ገልብጬ ተካሁልሽ።»

ሐያት ታናሽ እህቷ ናት፤ ያኔ ገና ትንሽ ልጅ ነበረች። ያን ስሰማ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለተገረፈችው ልጅ አልነበረም። ሰዓዳ ዐውቃ እየፈተነችኝ እንደሆነ ነው የጠረጠርኩት። ፊቷን መረመርኩት፤ ምንም የለበትም። ከዚያ አፌን ከፍቼ «አፉ ብያለሁ፣ ምንም አይደል» አልኳት። የበደልኳትን ልጅ እኔ ይቅር አልኳት! ወረቀቶቹን ከማውጣቴ ይልቅ ይህ ይከብደኛል።

ውጤት ሲመጣ ሰዓዳ ለማለፍ ሁለት ነጥብ ጎደላት። ሪሜዲያል፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የሚወሰደው የማካካሻ ትምህርት፣ ደርሷት ነበር፤ የታመሙ እናቷን ጥላ መሄድ ግን አልሆነላትም። ሁለቱን ነጥብ የነሳኋት እኔ ነኝ? ባትጨነቅ፣ ያን ቀን ፍለጋ ባትውል ታልፍ ነበር? በእርግጥ አላውቅም። አላውቅም ማለቱን ግን እንደ መሸሸጊያ ስይዘው ራሴን እይዘዋለሁ።

እኔ ተመርቄ ሸዋ ሮቢት አንድ ክሊኒክ ላቦራቶሪ ውስጥ እሠራለሁ። ሰዓዳ የእናቷን ምግብ ቤት ይዛለች። እትዬ ዘይነባን ለምርመራ ስታመጣ ወረፋ ለያዙት ሁሉ «ይቺ ናት ደብተሯን አውሳኝ የነበረችው» ትላለች። እያሾፈችብኝ ነው ብዬ ስንት ዓመት ጠረጠርኩ። አላሾፈችም። እውነቷን ነው የምታመሰግነኝ።

ባለፈው ሳምንት ሐያት ብቻዋን ቤቴ መጣች። አስራ ሁለተኛ ክፍል ደርሳለች፤ ያንኑ ደብተር ልትዋስ ነው። ከመደርደሪያ አውጥቼ ስዘረጋላት እጇን ሰበሰበች።

«መጀመሪያ ፊቴ ይቆጠርልኝ» አለችኝ። «ያኔም እኔ አልነካሁም ነበር።»

ቆጠርኩላት። አንድ በአንድ፣ የሰዓዳ የእጅ ጽሑፍ ያለባቸውን አራቱንም ጭምር። «ሙሉ ነው» አልኳት። እያንዳንዱን ወረቀት በዓይኗ ተከትላ ስትጨርስ ተቀብላኝ ሄደች። አራቱ ወረቀቶቼ ያኔም አሁንም ቤቴ ሣጥን ውስጥ ናቸው። መናገሪያው ሰዓት ያ ነበር፤ እኔ ቆጠርኩ።

ይቅርታ የምጠይቀው እርስዎን አይደለም፤ አልበደልኩዎትም። ሐያት ደብተሩን ስትመልስ እንደገና ቁጠሪልኝ ትለኛለች። ያን ቀን አራቱን ወረቀቶች ፊቷ አኖራለሁ ብዬ ልጽፍልዎ ነበር። አይመኑኝ።